ዘሃራ መጽሐፉን ስታርመው

ዛሬ የአርባ ዓመቷ ዘሃራ ክፍል ውስጥ ተነስታ «ኡስታዛ፣ መጽሐፉ ተሳስቷል» አለችኝ። ቤቴ ገብቼም ፈገግታዬ አልጠፋም።

ጁምዓ ጁምዓ አርካዊት የሚባል ሰፈር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚዘጋጁ ትልልቅ ሰዎችን አስተምራለሁ። ዘሃራ የወሎ ልጅ ናት። ሳምንቱን ሙሉ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ሶሺዮሎጂ መማር ትፈልጋለች።

ችግሯ አንድ ነበር። «ስላነበብሽው ምን ትያለሽ?» ስላት፣ ልጅ ሆና ቁርኣን ስትቀራ እንደለመደችው፣ ጽሑፉን አንዲት ፊደል ሳታዛንፍ በቃሏ ታነበንብልኛለች። «ያንቺን አስተያየት እኮ ነው» ስላት ደግሞ «እኔ ማን ሆኜ?» ትላለች።

(እኔም ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አራት ዓመት ሙሉ የሸመደድኩትን ነው ፈተና ላይ ያፈሰስኩት። ለተማሪዎቼ እንዳትነግሩብኝ።)

የዛሬው ጽሑፍ «የቤት ሠራተኛ ሥራ የምትጀምረው ቤተሰቡ ሲነሳ ነው» ይላል። ዘሃራ የቆመችው እዚህ መስመር ላይ ጣቷን አድርጋ ነው።

«ቤተሰቡ የሚነሳው እኮ ሻይ ሲደርስለት ነው። ሻዩን ታዲያ ማን አፈላው? ወላሂ ይሄ ሰውዬ አንዳችንንም አልጠየቀም።»

ክፍሉ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። የቤት ሥራቸው አስተያየት መጻፍ ስለሆነ «በቃ፣ ይሄንኑ ጻፊው» አልኳት።

ትንሽ አሰበችና «በእርሳስ ልጻፈው?» አለችኝ።

«በእስክሪብቶ» አልኳት።

እናንተስ «መጽሐፉ ተሳስቷል» ለማለት መጀመሪያ የደፈራችሁት መቼ ነው? ያላ፣ ከታች ጻፉልኝ። እዚህ እንኳ እርሳስ የለም።