ፍንጭቷ ሴትዮ

ባለቤቴ ቲኬቶቹን የገዛ ቀን ከሥራ ሲገባ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ ነበር። «እሑድ እዚሁ ከድልድዩ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ይመጣል! ባንድ የለ፣ ምን የለ፣ አንድ ጊታር ብቻ ይዞ። ሁለት ወንበር ቡክ አድርጌያለሁ፣ ያውም ከፊት!» አለኝ። እኔን እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ እራት ለመጋበዝ እንኳ ወር ሙሉ የሚያስብ ሰው ነው። የሚመጣው ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። በትዳራችን ውስጥ ያለው አንድ የፈረንጅ ካንትሪ ዘፋኝ ብቻ ነው።

ቀናተኛ ነኝ፤ አልደብቅም። በዘፋኙ ግን ቀንቼ አላውቅም። የምቀናው በዘፈኑ ውስጥ ባለችው ሴት ነበር።

ነገሩ የጀመረው አዲስ አበባ፣ ከባለቤቴ ጋር ገና ስንተዋወቅ ነው። ያኔ የእኔ እንግሊዝኛ ከሰላምታ አያልፍም፤ የእሱን ግን ሰፈሩ ሁሉ ያወራለታል። የዚህን ሰውዬ ካሴት ቴፑ ውስጥ ይከትና አጠገቤ ተቀምጦ ስንኝ በስንኝ ወደ አማርኛ ይመልስልኛል። ከሁሉም አንዱን ዘፈን ሲተረጉም ድምፁ ይለወጥ ነበር። ሴትየዋ ፍንጭት ናት። ስትስቅ አፏን በመዳፏ ትሸፍናለች። አንድ ጠዋት በካፊያ አውቶቡስ ተሳፍራ ትሄዳለች፤ ሰውየው የረሳችውን ጃንጥላ ይዞ መናኸሪያው በር ላይ ይቀራል። አለቀስኩ። እንዲህ ያለ አማርኛ ያለው ሰው ካገኘሁ ምን እፈልጋለሁ ብዬ አገባሁት። በዚያው ሰሞን ግን መስታወት ፊት ቆሜ ጥርሴን ማየት ጀመርኩ። ጥርሴ ግጥም ያለ ነው፤ ክር አያሳልፍም።

ከዚያ ወዲህ እንግሊዝኛውን ተማርኩት፤ ሮክቪል ያለው ቢሮዬ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምነታረከው በእሱ ነው። ያንን ዘፈን ግን በእንግሊዝኛ ሰምቼው አላውቅም። ሰውዬው ቃላቱን አፍንጫው ውስጥ ነው የሚያኝካቸው፤ ደግሞስ የሚለውን አውቀው የለ? መኪና ውስጥ ሲጀምር የሚሰማኝ የባለቤቴ አማርኛ ነው። እሱ ሁልጊዜ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፤ እኔ ሁልጊዜ መስኮት መስኮቱን አያለሁ። በካሴት ሴት የምትቀና እብድ እንዳልባል ዋጥ አድርጌው፣ ዘፈን ነው እኮ፣ ዘፈን ነው፣ እላለሁ ለራሴ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ ሄድን። ነጠላዬን መኪና ውስጥ ትቼ ገባሁ። ባለቤቴ ሸሚዙን ከዋዜማው ተኩሶት ነበር፣ ያውም ራሱ። ቦታው ከሰፊ ሳሎን ብዙ የማይበልጥ ክፍል ነው። ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌዎችና ሚስቶቻቸው ቢራቸውን ይዘው፣ ቅዳሴ ላይ እንዳሉ ሁሉ ጸጥ ብለዋል። ሐበሻ እኛ ብቻ ነን። ዘፋኙ አርጅቷል። እጃችንን ብንዘረጋ የምንነካው ያህል ቀርቦ ተቀምጦ፣ በየዘፈኑ መሀል እንደ ጎረቤት ያወጋናል።

የእኛ ዘፈን ሲደርስ ባለቤቴ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ። ዘፋኙ ጊታሩን ጭኑ ላይ አስተኛና ረጋ ብሎ የዘፈኑን ታሪክ አወራ። ልጅ ሳለ አባቱ በቅሏቸውን ሸጠባቸው። በቅሎዋ ከአዲሱ ጌታዋ አምልጣ፣ ወንዝ ተሻግራ መጥታ፣ ደጃቸው ላይ ቆማ አደረች። አባቱም ሲነጋ ልጓም አስገብቶ መልሶ ወሰዳት። ከዚያ ዘፈነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። ወንዙ አለ፣ ልጓሙ አለ፣ አባትየው አለ። አውቶቡስ የሚባል ነገር የለም። ጃንጥላም የለም። ስለ ጥርስ የበቅሎዋም እንኳ አልተነሳም።

ክው አልኩ። ሴትየዋ ካሴቱ ውስጥ ካልነበረች የት ነበረች?

ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። እንባው አገጩ ላይ ደርሷል። ዘፈኑ ሳያልቅ ብድግ አለ። በገዛ እህቱ ሰርግ ላይ ዘፋኝ ሸልም ሲሉት ሽንት ቤት የተደበቀ ሰው፣ በዚያ ሁሉ ፈረንጅ ፊት ሄዶ የሽማግሌው ግንባር ላይ ዶላር ለጠፈ። ከኋላ አንድ ጠባቂ ቢጤ ተነሳ። የዘፋኙ ጣት ክሩ ላይ ቆመ። ከዚያ ሽማግሌው ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ ግንባሩን አመቻቸለት፤ ሰዉም ሳቀ፣ አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። ስንት ሰርግና ስንት ፋሲካ አብረን አሳልፈን፣ ለእኔ አንድ ቀን እንዲህ ብድግ ብሎ አያውቅም። ለበቅሎ ደግሞ እንዲህ አይለቀስም።

ስንመለስ ድልድዩን እስክንሻገር ቻልኩት። ከዚያ አልቻልኩም።

«ፍንጭቷ ሴትዮ ማን ናት?»

«የዘፈኑ ናታ።»

«ዘፈኑ ውስጥ ያለችው በቅሎ ናት።»

ይቆጣል፣ ወይ ይክደኛል ብዬ ነበር። ክዶኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ዛሬ ነው እንዴ የሰማሽው?» አለኝ። የእውነት ደንግጧል። «እኔ እኮ እንግሊዝኛ የቻልሽ ጊዜ ያወቅሽ መስሎኝ! ዛሬ ትጠይቀኛለች፣ ነገ ትጠይቀኛለች ስል ዝም አልሽ። በቃ፣ ከአንቺ በፊት የሆነ ነገር ነው ብለሽ ይቅር ያልሽኝ ነው የመሰለኝ። ዛሬም አብረሽኝ እንድትመጪ የፈለግኩት ለዚሁ ነው።»

ለካ ዘፈኑ በተከፈተ ቁጥር እኔ መስኮቱን ሳይ፣ እሱ አጠገቤ ሆኖ ያልሰጠሁትን ይቅርታ በልቡ ሲያመሰግነኝ ኖሯል። ስሟን ልጠይቀው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ስሟን ካወቅኩ ቤቴ ልትገባ ነው። እሱ ቀስ ብሎ ይነዳል፣ የሆነ ነገር እንድለው እየጠበቀ። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ እስክንደርስ ምላሴን ጥርሴ ላይ አመላልስ ነበር፤ ክር የምታሳልፍ ክፍተት እንኳ ባገኝ ብዬ።