ያለ እኔም ይሠራል

ፊደል የቆጠርሁት በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ከደብዳቤ የረዘመ ነገር ጽፌ አላውቅም። የተንጋደደ ካለ አንባቢ ይለፈኝ። የምጽፈው ሴት ልጄን እንዴት እንዳጣኋት ነው። አልሞተችም፤ ባሕር ዳር ናት። ያጣኋት በአፌ ነው።

እኔ ቢቸና ላይ በአንድ ወፍጮ ቤት ተቀጥሬ ኖርሁ። የናፍጣ ሞተሩ ያረጀ ነበር። እንዴት ተባብሎ እንደሚነሳ፣ ድንጋዩ ሲላላ ድምፁ እንዴት እንደሚለወጥ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ለማንም አላሳየሁም። ባለቤቱ ሦስት ጊዜ አባርሮኝ፣ ሦስቱንም ጊዜ ቤቴ ድረስ መጥቶ ለምኖ መልሶኛል። እንደ ትልቅ ሙያ ቆጥሬ ኮራሁበት።

ልጄ ኮምፒውተር ተማረች። ደርግ ከወደቀ ሃያ ዓመት አልፎት ነበር፤ ሞጣ ላይ አንድ የግል መድኃኒት መደብር በኮንትራት ቀጠራት። የትኛው መድኃኒት አለ፣ የትኛው ጊዜው አልፎበታል የሚለውን የሚቆጣጠር ፕሮግራም እንድትሠራ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ላፕቶፗን ይዛ ትመጣለች። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ የሠራችውን እያፈረሰች እንደገና እንደምትሠራ ነገረችን።

«ምን ሆነና ነው የምታፈርሽው?» አልኋት።

«አልተበላሸም አባባ። ግን እያንዳንዱ ሥራ የሚያስፈልገውን ራሱ እየሄደ ያመጣል። ጊዜው ያለፈበትን የሚለየው ክፍል ራሱ ሄዶ ቀን ያያል፣ ራሱ ሄዶ መዝገብ ይከፍታል። ልክ መሥራቱን ልፈትን ብል መድኃኒቱ ጊዜው እስኪያልፍበት ዓመት ልጠብቅ ነው?»

«ታዲያ ምን ልታደርጊ?»

«ቀኑንም መዝገቡንም ከውጭ እሰጠዋለሁ። ለፈተና የውሸት ቀን፣ ለሥራ የእውነቱን። እሱ ልዩነቱን አያውቅም፤ የሰጡትን ተቀብሎ ይሠራል።»

«ጎሽ! ለቀንም ውሸት ተገኘለት!» አልሁ። እናቷ ሳቀች።

ስሙ ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን ነው አለች። «መርፌ ነው?» ብላት፣ «ይመስላል፤ የሚያስፈልገው ሁሉ ከውጭ ነው የሚገባ» አለችኝ። የምትጽፍበት ቋንቋ ፋንክሽናል የሚሉት ዓይነት ነው። በእሱ ሥራው ራሱ እንደ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ይሰጣል አለች። መጀመሪያ አስቸግሯት ነበር፤ ላይ ያለው ሥራ ታች ላለው መዝገቡን ለማድረስ፣ መሐል ያሉት ሁሉ የማይጠቀሙበትን ተሸክመው ይቆማሉ።

«ሰርግ ቤት ወጥ እንደሚያቀባብሉት» አልኋት።

«እንደዚያ! ግን የሁሉም እጅ ሞላ።» ስለዚህ የሚቀባበሉትን ሁሉ ባንድ ቋጠሮ አደረገችው። ሌላም ዘዴ ነበራት፤ ለአንዱ ሥራ ጠዋት መዝገቡን ብቻ ትሰጠዋለች፣ ያንን ይዞ ይጠብቃል፤ ደንበኛ ሲመጣ የመድኃኒቱን ስም ይቀበልና ያኔ ይሠራል። «የሚሰጠው ሁሉ የሚሰናዳው ፕሮግራሙ ሲነሳ፣ መግቢያው ላይ ነው» አለች። «ነገ ሌላ ሰው መጥቶ መዝገቡን ቢለውጥ ውስጡን አይነካም። መግቢያው ላይ ያለውን ብቻ ይቀይራል።»

ይኸ ግን ገባኝ።

«ሌላ ሰው? አንች የት ሄደሽ?»

«ኮንትራቴ ያልቃላ።»

«እንግዲያ ምን በወጣሽ! አንዱን ነገር ውስጥ ለውስጥ ደብቂው። ያለ አንች እንዳይነሳ አድርጊው። እኔን አባርሮ ማን ዘለቀ?»

«አባባ፣ አንቱ ታመው የተኙ ጊዜ የገጠሩ ሰው እህሉን ሳያስፈጭ ተሸክሞ ተመልሷል።»

«ይመለስ! ስሜን እየጠራ ነው የተመለሰ።»

አንገቷን ደፍታ መጻፏን ቀጠለች።

ኮንትራቷ ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው፣ ለእሷ ሳልነግር ሁለት ሽማግሌ ይዤ ሞጣ ሄድሁ። በእኛ ደንብ ለልጅ አባት ነው የሚቆምላት፤ አባት ደግሞ ያለ ሽማግሌ አይሄድም። የመደብሩ ባለቤት በክብር ተቀበለን፣ ወንበር ሰጠን። ተነስቼ ቆምሁ።

«ያለ ልጄ ይህ ኮምፒውተር አንድ ቀን አያድርም» አልሁት። «ብታሰናብታት ይቆምብሃል። ለራስህ ስትል አታሰናብታት።»

ሰውየው ደነገጠ። ከውስጥ አስጠራት። እኛን ስታይ ክው አለች።

«አባትሽ የሚሉት እውነት ነው? አንች ከሌለሽ ይቆማል?»

እኔን አየችኝ። አዎ ብትል ያልቅ ነበር። በዓይኔ ለመንኋት።

«አይቆምም» አለች። «ያለ እኔም ይሠራል። እንዲያ እንዲሆን ነው የሠራሁት።»

አንዱ ሽማግሌ አሳለ። ሌላው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «እንግዲህ ምን ልንሸመግል መጣን?» አለኝ። ፊቴ ነደደ።

«በሽማግሌ ፊት አባቷን ውሸታም ያደረገች ልጅ ልጄ አይደለችም» አልሁ። «እኔ ልጅ የለኝም።»

እስከ ውጭው በር ተከተለችኝ። «አባባ፣ አንድ ጊዜ ይስሙኝ» ትላለች። አልዞርሁም። አውቶቡሱ ደብረ ወርቅን እስኪያልፍ ሽማግሌዎቹ ስለ ዝናብ አወሩ።

ኮንትራቷ አልታደሰም። ባሕር ዳር ሥራ አገኘች። ለፋሲካ አልመጣችም፣ ለእንቁጣጣሽም አልመጣችም። ለእናቷ ትደውላለች፤ ስልኩ ሲጮህ እኔ ወደ ጓሮ እወጣለሁ። መጀመሪያ «እሷ ትጎንበስ» እል ነበር። አንድ ዓመት፣ ሁለት፣ ሦስት ሆነ። ሚስቴ አንድ ቀን፣ «አንተ ሰውዬ፣ ልጅቱ ምን በደለች? አልዋሽም ነው ያለች» አለችኝ። ተቆጣኋት።

ኋላ ሞጣ ለለቅሶ ሄድሁና እግሬ ወደዚያ መደብር ወሰደኝ። የማላውቃት ሴት ተቀምጣለች። የራስ ምታት ክኒን ጠየቅኋት። ኮምፒውተሩ ላይ ጻፍ ጻፍ አደረገችና፣ «ይኸኛው ጊዜው ሊያልፍበት ነው፤ ሌላ ልስጥዎት» አለችኝ።

«ማን ነው ይህን የሠራው?»

«እኔ እንጃ አባቴ። እኔ ስቀጠርም ነበር። አምና መዝገቡን በአዲስ ቀየሩት፤ አንድ ቀን እንኳ አልቆመም።»

ልጄ ናት ልላት አፌን ከፈትሁ። ልጅ የለኝም ያልሁት እዚያው ቤት ቆሜ ነው። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ክኒኔን ይዤ ወጣሁ። መንገድ ላይ አለቀስሁ፤ ለቅሶ ቤት ደርሼ የመጣሁ ስለሆንሁ ያየኝ ሁሉ ለሟቹ መሰለው።

ቤት እንደገባሁ ለሚስቴ፣ «ሽማግሌ ልላክባት፣ ያስታርቁን» አልኋት። ደወለችላት። መልሱን እንደ ወረደ ነገረችኝ፦ «ሽማግሌ እንዳይልኩ በያቸው። ራሳቸው ይምጡ።»

ጥያቄዋ ይኸው ነው፤ ከዚህ ሌላ ምንም አልጠየቀችኝም። ሁለት ጊዜ ጋቢዬን ደርቤ በማለዳ መናኸሪያ ድረስ ሄጃለሁ። ረዳቱ «ባሕር ዳር! ባሕር ዳር!» እያለ ሲጣራ አጠገቡ ቆሜ፣ መኪናው እስኪሞላና እስኪሄድ አይቼ ተመልሻለሁ። ለሚስቴ ጉልበቴን አመመኝ አልኋት።

ጉልበቴ ደህና ነው።