አበባው ላይ ያደሩት ንቦች

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሁለት ነገር ከዓይኗ አያመልጥም፤ የተንሻፈፈ ስፌትና የማይረባ አማች። ባሌን ገና ስታየው «ፀጉር ቆራጭ? አፉም እንደ መቀሱ አያርፍም» ብላ ፈረደችበት። እሱ ምስኪን ደግሞ ልቧን ለማግኘት የማይሆነው የለም። ውሃ ይቀዳል፣ የስፌት መኪናዋን ዘይት ይቀባል። እሷ «ተባረክ» ትለውና ፊቷን ታዞራለች። በሁለቱ መሃል የተቃጠልኩት እኔ ነኝ!

ቤቷ ከተማው አልቆ ደረቁ ሜዳ የሚጀምርበት ጋ ነው። ጓሮዋ ማንም ያልዘራው የዱር አስተር የሚባል አበባ ይበቅልበታል፤ ዙሪያው ሐምራዊ፣ መሃሉ ቢጫ ነው። የሚፈካው ሣሩ ሁሉ ደርቆ ካበቃ በኋላ ነው። ያኔ ማር የማይሰጡት ትንንሽ የሜዳ ንቦች ሌላ የሚቀምሱት ስለሌላቸው ተንጋግተው ይመጣሉ። ወንዶቹ ጎጆ የላቸውም፤ ሲመሽ አበባው ላይ ተለጥፈው ያድራሉ። እናቴ ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳትጀምር ወጥታ ታያቸዋለች። «ቀስ በይ፣ ተኝተዋል» ትለኛለች፣ ሕፃን ያስተኛች ይመስል።

ባሌ ይህን ከየት ይወቅ? አንድ እሁድ ማለዳ ሊያስደስታት ብሎ ማጭድ ይዞ ጓሮ ገባ። የሙያ ነገር ሆኖበት የተንጨባረረ ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም። እናቴ ስትወጣ ጓሮው ሙልጭ ብሏል። እሱ ላቡን እየጠረገ «እማማ፣ አማረ አይደል?» ይላል። አይ ጉዴ!

ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ከታጨደው ክምር አጠገብ ቁጭ አለችና አለቀሰች። «ተኝተውበት ነበር እኮ» አለች።

ባሌ አመድ መሰለ። ሰበብ አልደረደረም። ማጭዱን ጥሎ ተንበረከከና አበባውን አንድ በአንድ ያነሳ ጀመር። እኔ ባልዲ፣ ጣሳ፣ ሳፋ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ውሃ እየሞላሁ አቀረብኩ፤ እሱ አበባውን እያቆመ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ሥር ደረደረ። አንዱ ንብ ብርድ አደንዝዞት መሬት ወድቆ ነበር። ባሌ መዳፉ ላይ አድርጎ በትንፋሹ አሞቀው። እናቴ ማልቀሷን ትታ እጁን ታያለች። ንቡ እግሩን አነቃነቀ፣ ክንፉን አራገበ፣ ሄደ።

«ሥሩን አልነቀልክም አይደል?» አለችው።

«ኧረ በጭራሽ፣ እማማ! ላይ ላዩን ነው።»

«ሥሩ ካለ ይመለሳል።»

ባለፈው ዓመት ካንሰር ይዟት የወሰደችው መድኃኒት ፀጉሯን ካረገፈው ወዲህ ሻሿን እኔ ልጇ ፊት እንኳ አውልቃ አታውቅም። በርጩማዋን ስባ ፀሐይ ላይ ተቀመጠችና ፈታችው። አዲስ የበቀለው ፀጉሯ እዚህም እዚያም ቆሟል።

«በል፣ ይሄንንም አስተካክልልኝ» አለችው። «ቀስ ብለህ።»

ባሌ መቀሱን አመጣና፣ የተኛ ንብ እንዳይቀሰቅስ የፈራ ይመስል፣ ቀስ ብሎ ጀመረ።