የህንዱ መምህር መሀረብ

በሰው አገር፣ ግራንድ ፕሬሪ ከተማ፣ ልጄ ቤት ተቀምጬ፣ የልጅ ልጄ ለትምህርት ቤቷ ቲያትር ፊቷን ነጭ ስትቀባ የቅባቱ ሽታ የራሴን የልጅነት ቲያትር አስታወሰኝ።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ቲያትር ያሠራን የነበረው ህንዳዊ መምህራችን ፊቴን በቫዝሊንና በዱቄት ለወሰው። አባቱ የሞተበት ልጅ ሆኜ ነበር የምሠራው። እኔማ እንደ አገሬ ደረቴን እየደቃሁ፣ "ወይኔ አባቴ!" ብዬ ጮህኩ።

"የለም፣ የለም! ቀስ ነው የሚለቀሰው" አለኝ በተሰባበረ አማርኛ። አፍንጫውን የጠረገበትን መሀረብ አውጥቶ ዓይኔ ሥር ነካ ነካ አደረገው። እስከ ዛሬ ያንገሸግሸኛል።

ቲያትሩ የታየ ዕለት እንዳዘዘኝ ሆንኩ። ባሏን በዚያው ዓመት የቀበረችው እናቴ ከሰው መሀል ብድግ ብላ፣ "ምነው ልጄ፣ አባትህን እንዲህ ነው የምታለቅሰው?" አለች። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።

መምህሩ በኋላ ፊቴን እየጠረገ፣ "እኛንም እንግሊዞች እንዲሁ ነው ማልቀስ ያስተማሩን" አለኝ። ያኔ አልገባኝም።

"አባባ፣ ቲቸሬ ስታለቅሺ ሳውንድ አታድርጊ አለችኝ። ኦኬ ነው?" አለችኝ የልጅ ልጄ ፊቷን ቀብታ ስትጨርስ።

"ኦኬ አይደለም" አልኳት። ላሳያት ብዬ ደረቴን መታሁና "ወይኔ አባቴ!" አልኩ። ከጀመርኩ በኋላ ግን ማቆም አቃተኝ።