የሚሚ እናት ስም

በስደት አገራችን፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የሐበሻውን ሰፈር ያቀኑ ሴቶችን ግድግዳ ላይ የሚስለው ልጅ፣ አምና ያረፉትን የሚሚ እናትን የመኪና መሪ አስጨብጦ ስሏቸዋል።

እናቴን መንዳት ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ ከኋላ ነበርኩ፤ የጋለው ወንበር ጭኔን ይለበልበኛል፣ መኪናው በርበሬ በርበሬ ይሸታል። ቀይ መብራት ላይ ቆመን፣ «ስምሽ ማነው?» አልኳቸው።

«አንቱ በያቸው!» አለች እናቴ፣ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ። «ደግሞ ትልቅ ሰው ስም ይጠየቃል?»

እሳቸው ሳቁ። «ስሜ ምን ይሠራልሻል? ስትጠሪኝ አቤት እልሽ የለ?»

አሁን ሠዓሊው ብሩሹን ይዞ፣ «ኦኬ፣ ስማቸውን ማን ብዬ ልጻፍ?» ይላል። እናቴን አየኋት፤ እሷም አታውቀውም። ሚሚን እንደሆነ ማናችንም አይተናት አናውቅም።

ወደ ግድግዳው ቀና ብዬ፣ «የሚሚ እናት» አልኩ።

አቤት የሚል የለም።