የተሰረዙት እማማ ዘይነባ

ከዚህ በፊት የራሴ የምለው ነገር ጽፌ አላውቅም። እጄ የጻፈው ሁሉ ሌላ ሰው የተናገረው ነው። ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ክልሉ ገና ሲቋቋም፣ አሶሳ ውስጥ በአንድ የጥናት ክፍል በካሴት ገልባጭነት ተቀጠርኩ። በበርታኛ የተቀዳውን እሰማለሁ፤ በአማርኛ እጽፋለሁ።

የመጀመሪያ ቀን ከአዲስ አበባ የመጡት ዶክተር ቴፕ፣ ማዳመጫና አንድ ደስጣ ወረቀት ሰጡኝ። "የሦስት ወር ሙከራ ነው። ሥራ ካበላሸሽ አናቆይሽም" አሉ።

ጥናታቸውንም አስረዱኝ። ዓረፍተ ነገሮች እንዴት ተያይዘው ታሪክ እንደሚሆኑ ነው። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ሣጥኖቹን ቀስት ያገናኛቸዋል፤ ቀስቱ ላይ "ምክንያት" ወይም "ቀጥሎ" ተብሎ ይጻፋል።

"ገባሽ?"

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። አልገባኝም ነበር።

በመጀመሪያው ካሴት ሼህ ኢድሪስ የሚባሉ አዛውንት የሰፈራችንን ታሪክ ያወራሉ። አጠገባቸው ጎረቤታቸው እማማ ዘይነባ አሉ። በእኛ ሰፈር ወሬ ያለ ተቀባይ አይወራም። ተናጋሪው አንድ ነገር ባለ ቁጥር ተቀባይዋ "ከዚያስ?" ትላለች፤ ትጠይቃለች፤ ትጨምራለች።

ሁሉንም ጽፌ ወሰድኩ። ዶክተሩ በቀይ እስክሪብቶ እማማ ዘይነባን ከላይ እስከ ታች ሰረዟቸው። "ይቺ ሴትዮ ረብሻ ናት። ተናጋሪውን ብቻ ጻፊ።"

እንደገና ገለበጥኩ። እማማን መንገድ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር ግን አፍር ጀመር። ስለዚህ ቃላቸውን በየወረቀቱ ጀርባ በእርሳስ ጻፍኩት።

ሙከራዬ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ዶክተሩ ጥናታቸውን ለቢሮ ኃላፊዎች አቀረቡ። ሼህ ኢድሪስም ተጋብዘው ነበር። ሰሌዳው ላይ ሦስት ሣጥኖች ተሳሉ። "ሰውየው ወደ ሸርቆሌ ሄደ።" "ዝናብ ዘነበ።" "ሰውየው ተመለሰ።" ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው "ምክንያት" የሚል ወፍራም ቀስት።

"ዝናቡን ሸሽቶ ተመለሰ ማለት ነው" አሉ ዶክተሩ። ጃንጥላቸው ወንበራቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

ሼህ ኢድሪስ ሳቁና በተሰባበረ አማርኛቸው መለሱ። "ዶክተር፣ እኛ ዝናብ አይሸሽም፤ ዝናብ ይጠብቃል! ሰውየው የመጣው ሊዘራ ነው። ዘይነባ ጠይቆኛል እኮ!"

ዶክተሩ ወረቀቶቹን አገላበጡና ወደ እኔ ዞሩ። "እዚህ የለም። ዘለሻል እንዴ?"

ኃላፊዎቹም ዞሩ። ሥራዬ ከእጄ ሲወጣ ታየኝ።

"ጀርባው ላይ አለ" አልኩ። በሦስት ወር ውስጥ በስብሰባ የተናገርኩት ይህንኑ ብቻ ነው።

ገለበጡት። "ዝናብ ዘነበ" ከሚለው ጀርባ የእማማ ዘይነባ ቃል በእርሳስ ተጽፏል፦ "ዘሩስ? ማሳው ጦሙን ሊያድር ነው?"

ዶክተሩ ቃሉን ሁለቴ አነበቡት። ከዚያ ጠመኔ አንስተው በሁለተኛውና በሦስተኛው ሣጥን መካከል ሌላ ሣጥን በነጠብጣብ ሳሉና "የአድማጭ ሣጥን" የሚል ስም ሰጡት። ከሰዓት በኋላ አዲስ ግኝት ተብሎ ተጨበጨበለት። የእማማን ቃል ማን እንደሰረዘው የጠየቀ የለም። የእኔም ቅጥር ጸና። "ከእንግዲህ ሁሉንም ጻፊ፤ ሳላቸውም ሳይቀር" አሉኝ ዶክተሩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ካሴት ገልብጫለሁ። ከሥራው የተማርኩት አንድ ነገር ነው፦ ገልባጭ የሰማውን ሁሉ ይጽፋል፤ መሰረዙን ለሌላ ሰው ይተዋል።

ይህንን ጽሑፍ ትናንት ለእማማ ዘይነባ በበርታኛ አነበብኩላቸው። ጨርሼ ወረቀቱን ሳጥፍ እጄን ያዙኝ።

"እሺ፣ ከዚያስ?" አሉኝ።