ባንክ የላክሁት ሽማግሌ

ነገሩ የሆነው አምና ሰኔ ላይ ነው። እስከ ዛሬ በዚያ ባንክ በር ባለፍኩ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል፤ እንቁላል ቢያርፍበት ይጠበሳል።

ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ማሽኑን የገዛሁት በባንክ ብድር ነው፤ መያዣውም ራሱ ማሽኑ ነው። አንድ ቀን ከባንኩ ደብዳቤ መጣ። ወለድ ጨምሯል ይላል። ከዚያ በኋላ ያለውን አላነበብኩም፤ ዓይኔ ጨለመ። የወር ክፍያውን ድሮም የምሞላው እንደምንም ነው። ሌላ ከተጨመረበት ማሽኑ ሊወሰድብኝ ነው፤ ማሽኑ ሄደ ማለት ደግሞ የቤቴ ጉሮሮ ተዘጋ ማለት ነው። ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። ባለቤቴ "ሦስት ሰዓት ነው" ትላለች፤ እሷን አትስሟት።

እኛ ዘንድ የከበደ ነገር የሚላላው በሽማግሌ አይደል? አራት ሳምንት ገደማ ስብሰለሰል ከረምኩና፣ የዕድራችንን ሰብሳቢ ጋሽ ወልዴንና ጨርቅ ነጋዴውን ጎረቤቴን ሐጂ ሱሩርን ለመንኳቸው።

"አንተ ሰው፣ እኔ ወለድ ደጄ እንዳይደርስ የምጸልይ ሰው ነኝ" አሉ ሐጂ። ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ "ለማስቀነስ ከሆነ ግን እሄዳለሁ" አሉ።

በማግስቱ ጋሽ ወልዴ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ሐጂ ቆባቸውን አድርገው ከፊት፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ ከኋላ፣ ባንኩ ገባን። ሥራ አስኪያጇ ወጣት ሴት ናት። ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ "ተቀመጡ አባቶቼ" አለች።

"ጉዳያችን እሺ ሳይባል አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ወልዴ፣ እንደ ወጉ።

የልጅቷ ፊት ቲማቲም መሰለ። ከመስታወቱ ወዲያ ገንዘብ ከፋዮቹ ሥራ አቁመው አፈጠጡ። አንዷማ እልል ልትል አፏን ከፍታ ነበር።

"አባቶቼ፣ እኔ እኮ እጮኛ አለኝ" አለች ቀስ ብላ።

"እግዜር ይባርከው ልጄ! እኛ የመጣነው ለወለዱ ነው።"

ሳቁ ሐይቅ ዳር ድረስ የተሰማ ይመስለኛል። እሷም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀችና አስቀመጠችን። ወለዱ ከዋናው መሥሪያ ቤት እንደሚወሰን፣ እሷ እንደማትቀንሰው በትሕትና አስረዳች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አለች።

"ጋሼ፣ ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አንብበውታል?"

ኮርኒሱን አየሁ።

ለካ ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ጭማሪው የከበደው ሰው በአንድ ወር ውስጥ ካመለከተ የመክፈያው ዘመን ይረዝምለትና የወር ክፍያው ባለበት ይቆያል ይላል። የቀረኝ ሁለት ቀን ነበር! የምሳ ሰዓቷን ትታ ማመልከቻውን አብራኝ ሞላች።

ስንወጣ "ይቅርታ ልጄ፣ አሳፈርኩሽ" አልኳት።

"ኧረ በፍጹም። አባቴ ወፍጮ ነበረው። ብድሩ ሲከብደው ለሰው መናገር አፍሮ ዝም አለ። እናቴ እንኳ የሰማችው ወፍጮው የተወሰደ ቀን ነው።"

ለቅሶ ቤት እንኳ ቀልድ የማይጠፋኝ ሰውዬ፣ ጎንበስ ብዬ እጇን ጨበጥኩ።

ወለዱ አንዲት ሳንቲም አልቀነሰም፤ ሁለት ዓመት ጨምሬ እከፍላለሁ። ሰፈሩ "ወለድ በሽማግሌ" እያለ ይስቅብኛል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ጨዋ ሰው ብሆን ኖሮ አፍሬ ዝም እል ነበር፤ ማሽኑም ይኼኔ የሌላ ሰው ነበር።